ያደረ ሥራ፤ የታሪክ ጸሐፊው የሸኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ሕይወት

ምስጋና ቀንን በሌሊት፣ ሌሊትንም በቀን ለሚተካ፣ ለእያንዳንዱ ነፍስም የዕድሜዋን ልክ ለወሰነ አላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ እንዲህ እንላለን።

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ክፉ ሥራ ለመሥራት ሲነሣ ልቡ ይመታል፤ መልካም ሥራውን ለነገ ሲያሳድር ግን ምንም አይሰማውም። ሥራውን ተውሁት አይልምና። በልቡ ይዞት ይተኛል፤ በልቡም ስለ ያዘው የሠራው ያህል ሆኖ ይታየዋል። ዐረቦች ይህን ጠባይ ተስዊፍ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ወደ ፊት አደርገዋለሁ እያሉ ጊዜን መግፋት ማለት ነው። ባለዕዳው ዕዳውን ሳይክድ፣ ባለሱቁ መዝገቤን እጽፋለሁ እያለ፣ የቤት አባትም ለልጆቼ ኑዛዜዬን አኖራለሁ እያለ እንዲሁ ዓመት ዓመትን ይተካል። በዚህች ጽሑፍ የምንነግርህ ግን ስለ ሰነፍ ሰው አይደለም። ስለ ሰነፍ ብንነግርህ ይህስ እኔ አይደለሁም ብለህ ገጹን ትገልጠዋለህ። የምንነግርህ ሌሊቱን በንባብ፣ ቀኑን በጽሕፈት ያሳልፉ ስለ ነበሩ አንድ ትልቅ ዐሊም ነው፤ እርሳቸውም ሥራ አሳድረው ነበር፤ ማሳደራቸውንም በገዛ ብዕራቸው አምነዋል።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ጥቂት ቃል እንዲጨምር ይፈቀድለት። ዐረብኛው የተጻፈው የዓባይ ውሃ እርሻውን ለሚያጠጣለት ሕዝብ ነው። አንተ በአብደራፊና በመተማ ቆላ የምትኖረው ወንድሜ ግን ከውሃው ይልቅ ሰሊጡን ታውቃለህ። ሰሊጥ ሰውን አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ካልታጨደ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ዘሩም በነፋስ እየተራገፈ መሬት ላይ ይቀራል። የክረምቱን ድካም ሁሉ ያየ ገበሬ ሠራተኛ ነገ እቀጥራለሁ ብሎ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ገለባውን ያጭዳል እንጂ ሰሊጡን አያገኘውም። የሚቀጥለውን ታሪክ ስታነብ ይህን እርሻ በዓይንህ ፊት አኑረው፤ የሰው ትዝታም እንደዚሁ የሚረግፍበት ወራት አለውና።

የሸኽ ዐብዱረሕማን ታሪክ ከአንተ አገር የራቀ አይምሰልህ። ጀበርቲ የሚለው መጠሪያ መጀመሪያ ከዘይላዕ በስተኋላ ያለው አገር ስም ነበር፤ በኋላ ግን በጠቅላላው የሐበሻ ሙስሊሞች ስም ሆኗል። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ጀበርቲ ይባሉ በነበረበት ዘመን ከደጋ ወደ መተማ ወርደው፣ ከዚያም ወደ ሰናር ተሻግረው ይነግዱ ነበር። ከዚሁ ከሐበሻ ምድር ወጥተው ወደ መካና ወደ ካይሮ ለሐጅና ለዕውቀት በእግራቸው የሚጓዙም ነበሩ። በካይሮ በአል-አዝሀር መስጊድ ውስጥ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል የሐበሻ ደረሳዎች ማደሪያ የነበረውም ለእነዚህ መንገደኞች ነው።

ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ፣ ስማቸውም ዐብዱረሕማን የተባለው፣ በዐሥረኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ ከጀበርት ምድር ተነሥተው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፤ በጂዳና በመካ ቆይተው ወደ ካይሮ ገቡ። በአል-አዝሀርም ከተማሩ በኋላ የሪዋቁ አለቃ ሆኑ። አለቅነቱ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከሰባት ትውልድ በኋላ ታሪካቸውን የምንጽፍላቸው ሸኽ ዐብዱረሕማን፣ በቀድሞው አያታቸው ስም ተጠርተው፣ በ1167 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1753 እስከ 1754 ባለው ጊዜ ውስጥ ተወለዱ።

አባታቸው ሸኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፤ ስለ ልጁ ከመናገራችን በፊት በአባትየው ዘንድ ጥቂት እንቈይ፤ አንተ የሚዛን ሰው ነህና የእርሳቸው ሥራ ደስ ያሰኝሃል። ሸኽ ሐሰን በ1110 ዓመተ ሒጅራ (1698) ተወልደው በአንድ ወራቸው አባታቸው ስለ ሞቱባቸው በአያታቸው እጅ ያደጉ ናቸው። ፊቅህን በሐነፊ መዝሀብ ተማሩ፤ ከፊቅህ ጋራም ሒሳብንና የከዋክብትን ዕውቀት ያዙ። የሶላት ጊዜ የሚታወቅበትን የፀሐይ ሰዓት በእብነ በረድ ላይ እየቀረጹ ሠርተዋል፤ አንዱም በአል-አዝሀር መስጊድ ቆሞ ነበር። በ1172 ዓመተ ሒጅራ (ከ1758 እስከ 1759) በካይሮ ገበያ የሚዛኑና የመመዘኛው ነገር ተበላሽቶ ሻጭና ገዢ ሲጣሉ፣ ሸኽ ሐሰን ከመጽሐፋቸው ተነሥተው ባለሙያዎችን ጠሩ፤ ብረቱን አስመዝነው፣ የረጥሉን ልክ አስተካክለው፣ ስለ ሚዛንም መጽሐፍ ጻፉ። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሹም ሥራ ነው ብለው ለማለፍ ይችሉ ነበር። ዛሬም በየገበያው ሚዛኑ መጉደሉን እያወቀ አስተካክለዋለሁ እያለ የሚከርም ነጋዴ መኖሩን ስናስብ እንደዚህ ያለ ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ እናያለን።

ከእኒሁ አባት ቤት የተነገረ ሌላም ነገር አለ። በ1159 ዓመተ ሒጅራ (1746) ከፈረንጅ አገር የመጡ ተማሪዎች ወደ ሸኽ ሐሰን ዘንድ ቀርበው የመለኪያን ዕውቀት ተማሩ፤ ከአገራቸው ያመጡትንም መሣሪያ በስጦታ ሰጧቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ያን ዕውቀት ከወረቀት አውጥተው ለነፋስ ወፍጮ፣ ከባድ ዕቃ ለመሳቢያና ውሃ ለማውጫ መሣሪያ አዋሉት። ይህን የጻፉልን ልጃቸው ዐብዱረሕማን ናቸው። ሲጽፉትም በልባቸው ቅሬታ እንደ ነበረባቸው እንገምታለን። ዕውቀቱ በካይሮ ቤት ነበር፤ ያን ዕውቀት ዛሬውኑ እሠራበታለሁ ያለው ግን ከሩቅ የመጣው ነው።

ሸኽ ሐሰን ከአርባ በላይ ልጆች ወለዱ፤ ከዐብዱረሕማን በቀር ሁሉም ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ሞቱ። አባትየውም በ1188 ዓመተ ሒጅራ (1774) ሲሞቱ የሃያ አንድ ዓመት ያህል ጎልማሳ የነበሩት ዐብዱረሕማን ሀብቱንም፣ መጻሕፍቱንም፣ በአባታቸው ቤት ይሰበሰቡ የነበሩትን የታላላቅ ሰዎች ወዳጅነትም ብቻቸውን ወረሱ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። ያን ጊዜ በዙሪያቸው የነበሩት ሽማግሌዎች የመቶ ዓመትን ወሬ በአፋቸው የያዙ ነበሩ። ማን መቼ እንደ ተሾመ፣ ማን ማንን እንደ ገደለ፣ የትኛው ዐሊም የትኛውን ኪታብ እንደ ጻፈ ተቀምጦ የሚጠይቃቸው ቢኖር ይነግሩት ነበር። ዐብዱረሕማን ወጣት ነበሩ፤ ጊዜውም ሰፊ መስሎ ታያቸው። በኋላ ዘመን ስለዚህ ሲጽፉ፣ እስከ 1170 ዓመተ ሒጅራ ያለውን ከሌሎች እንደ ሰበሰቡት፣ ከ1170 እስከ 1190 ያለውን በዓይናቸው አይተው ረስተውት ኋላ እንዳስታወሱት፣ ከ1190 ወዲህ ያለውን ግን አውቀው እንደ ጻፉት ለይተው ተናግረዋል። አይቶ መርሳትን እንዲህ ያለ ማፈር የሚናገር ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ይህን ሰው ወደ ሥራ የጠሯቸው መምህራቸው ሰይድ ሙርተዷ አዝ-ዘቢዲ ናቸው። እኒህ ዐሊም በሕንድ አገር ተወልደው በካይሮ የኖሩ፣ ታጅ አል-ዐሩስ የተባለውን ታላቁን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት በዐሥራ አራት ዓመት ያህል ድካም የፈጸሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ዐብዱረሕማንን ጠርተው የዐሥራ ሁለተኛውን መቶ ዓመተ ሒጅራ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ በመሰብሰብ እንዲረዷቸው ጠየቋቸው፤ ምክንያቱን ግን አልገለጹላቸውም። ዐብዱረሕማንም እሺ ብለው የሚሰሙትንና የሚያገኙትን በቁራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመሩ።

በ1205 ዓመተ ሒጅራ፣ በሻዕባን ወር (1791) ወረርሽኝ ካይሮን መታ፤ ሙርተዷ አዝ-ዘቢዲም በዚሁ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከደማስቆ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊው የደማስቆው የሐነፊ ሙፍቲ ሙሐመድ ኸሊል አል-ሙራዲ ነበሩ፤ ታሪኩ እንዲሰበሰብ መጀመሪያ የጠየቁትም እርሳቸው ኖረዋል። ሟቹ የሰበሰቡትንና ዐብዱረሕማንም ያላቸውን አሰናድተው እንዲልኩላቸው ለመኗቸው። ሥራው በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ጠሪ አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ በ1206 ዓመተ ሒጅራ፣ የሙራዲም ሞት ተሰማ።

ሸኽ ዐብዱረሕማን በዚህ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ሳይሸሽጉ ነግረውናል። ወኔያቸው ቀዘቀዘ። ወረቀቶቹን በአንድ ጥግ ጣሏቸው፤ ለብዙ ጊዜም ሳይነኩ ቆዩ፤ ተበታትነው ሊጠፉም ጥቂት ቀራቸው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆመን እናስተውል። ሰውየው በሽተኛ አልነበሩም። ድኻም አልነበሩም። ጊዜ አላጡም፤ ዕውቀትም አልጎደላቸውም። ታዲያ ሥራውን ያስቆመው ምንድን ነው? ጠያቂው መሞቱ ነው። ሥራው በልባቸው ውስጥ ገና የራሳቸው አልሆነም ነበር፤ በሌላ ሰው ጥያቄ የቆመ ነበርና ጠያቂው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። የምታሳድራቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ ብትመረምር ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ሆነው ታገኛቸዋለህ። ሸሪክህ ሲቆጣህ ብቻ የምትጽፈው መዝገብ፣ ባለዕዳህ ደጅህ ሲቆም ብቻ የምትቈጥረው ገንዘብ፣ ሚስትህ ስታስታውስህ ብቻ የምትጠግነው ጣራ አለ። ጠሪው ዝም ያለ ቀን ሥራውም ያድራል።

ወረቀቶቹ መጽሐፍ ሳይሆኑ የተኙበት ዘመን ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ነው። መምህሩ አዝ-ዘቢዲ ታጅ አል-ዐሩስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፉበት ጊዜ ከዚህ ጋራ የተካከለ መሆኑን ስታስብ የዚህን መዘግየት ርዝመት ትመዝነዋለህ። በእነዚያ ዓመታት ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። የቀሩትም ብዙውን ረሱ።

በመካከሉ የምስርን ምድር ያናወጠ ነገር መጣ። በ1213 ዓመተ ሒጅራ መጀመሪያ፣ በ1798፣ በናፖሊዮን የሚመራው የፈረንሳይ ጦር እስክንድርያ ወረደ፤ ወዲያውም ካይሮን ያዘ። ሸኽ ዐብዱረሕማን ይህን ጊዜ ብዕራቸውን አነሡ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት ያህል ነገር ትኩሱን ጽፈው በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ፈረንሳዮቹ በ1801 ከወጡ በኋላ ደግሞ ለዑስማንያው ወዚር የቀረበ ሌላ መጽሐፍ ጻፉ፤ ይህኛው ለባለሥልጣን ደስታ የተሰናዳ ስለ ሆነ በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያይቱ ያንሳል። ለመጻፍ የሚያስፈልጋቸው ኃይል ሁሉ ከጥንትም በእጃቸው እንደ ነበረ ግን ከዚህ ይታወቃል።

በፈረንሳዮቹ ዘመን ያዩትን ሲጽፉ የጠላትን ክፋት አልሸሸጉም፤ የጠላትንም መልካም ልማድ አልሸሸጉም። ወደ መጻሕፍት ቤታቸው ገብተው ሲመለከቱ ንባብ የፈለገ ሁሉ፣ ተራው ወታደር ሳይቀር፣ በጸጥታ ተቀምጦ ሲያነብ አይተዋል። መንገድ ሲጠርጉም አይተዋቸዋል። ስለዚህ የጻፉት ለአንተ ሠራተኛ ለምታሠራው ይጠቅምሃል። ሰውን በግድ አላሠሩም፤ ከተለመደው የበለጠ ደመወዝ ይከፍሉ ነበር፤ ከቀትር በኋላም ያሰናብቱ ነበር። አፈሩንም በራስ ላይ በዘንቢል አላሸከሙም፤ በመንኰራኩር የሚሄድ፣ ከኋላው ሁለት እጀታ ያለው ጋሪ ሠርተው አምስት ዘንቢል ያህል አፈር በአንድ ጊዜ በቀላሉ እንዲገፋ አደረጉ። የሐበሻው ልጅ ሸኽ ይህን ጋሪ ቆመው አስተውለው እንደ ጻፉት ስናስብ የአባታቸውን ሚዛን የወረሱ መሆናቸው ይታየናል። ሌሎች ዑለማእ ያልፉት የነበረውን ነገር እርሳቸው ቈጥረውታል።

ወደ ዋናው ሥራቸው የተመለሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1220 ዓመተ ሒጅራ (ከ1805 እስከ 1806) ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ከራሳቸው ልብ የመነጨ መነሣሣት እንደ ነበረ ተናግረዋል። ያን የተጣለ ወረቀት ከጥጉ አወጡ፤ አቧራውን አራገፉ፤ ዓመቱን በዓመት፣ ወሩን በወር ማሰናዳት ጀመሩ። መጽሐፉንም ዐጃኢብ አል-አሣር ብለው ሰየሙት፤ ከ1100 ዓመተ ሒጅራ (1688) ይጀምራል።

የመዘግየቱን ዋጋ የከፈሉት እዚህ ላይ ነው። የቀድሞውን ዘመን የሚነግራቸው አፍ ስላነሰ ወደ ጸሐፊዎች መዝገብ ሄዱ። መዝገቡ በጎደለበት ቦታ ወደ መቃብር ሄዱ። የሞተበት ዓመት የጠፋባቸውን ሰው ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን እያነበቡ ዓመቱን አገኙ። አስበው፤ ሟቹን የሚያውቅ ሽማግሌ ቡና እየጠጣ በአንድ አፍታ ሊነግራቸው ይችል የነበረውን ነገር ለመፈለግ አንድ አረጋዊ ዐሊም በመቃብር መካከል ድንጋይ ለድንጋይ ሲዞሩ። በድንጋዩም ላይ የሚገኘው ዓመቱ ነው እንጂ የሰውየው ጠባይ፣ ንግግሩና ደግነቱ አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ ሊነሣብህ ይችላል። ነገርን ሳያጣሩ መጣደፍስ መልካም ነውን? መቸኮል ከሸይጣን መሆኑን ከመምህሮቻችን ሰምተናልና። ሸኽ ዐብዱረሕማን ይህን ራሳቸው አስበውበታል። አንድ ወሬ በብዙ ሰው አፍ እስኪረጋገጥ ድረስ በመጽሐፋቸው አይጽፉትም ነበር። ነገር ግን ሲያጣሩ ሌላ ወሬ ይደርስና የፊተኛው ይረሳቸው ጀመር። ስለዚህ መላ አበጁ። ወሬውን በሰሙበት ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ላይ ያኖሩታል፤ ከተጣራ በኋላ ወደ መጽሐፉ ያገቡታል። ማጣራት ጊዜ ይፈልጋል፤ በቁራጭ ወረቀት መያዝ ግን ጊዜ አይፈልግም። ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፤ አንተም ዋጋው እስኪረጋ ልጠብቅ ስትል እውነትህን ሊሆን ይችላል። ያበደርኸውን ገንዘብ መጻፍ ግን የገበያ ዋጋን አይጠብቅም። ማጣራትንና ማሳደርን የሚለያቸው ይኸው ነው፤ የሚያጣራ ሰው በእጁ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ የሚያሳድር ሰው እጁ ባዶ ነው።

በዚህ ዓይነት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥራዞች እስከ 1220 ዓመተ ሒጅራ ያለውን ዘመን ይዘው አሰናዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ በአራተኛው ጥራዝ እየተከታተሉ ጻፉ። ጊዜው የሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ዘመን ነበር። ሌላው ጸሐፊ ሲያወድስ ሸኽ ዐብዱረሕማን የገበሬውን መራቆት፣ የመሬቱን መወረስ፣ የነጋዴውንም መጨነቅ እንዳዩት ጻፉ። በዚህም ምክንያት መጽሐፉ በምስር ለብዙ ዘመን ታግዶ ኖረ፤ ሙሉው በቡላቅ ማተሚያ ቤት በአራት ጥራዝ የታተመው በ1297 ዓመተ ሒጅራ (ከ1879 እስከ 1880) ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ምስር ለማወቅ የሚሻ ሁሉ፣ ምሥራቃዊም ቢሆን ምዕራባዊ፣ መጀመሪያ የሚከፍተው እርሱን ነው።

ኸሊል የሚባል ልጅ ነበራቸው። የአያቱን የሸኽ ሐሰንን ዕውቀት የተከተለ፣ በሙሐመድ ዐሊ ቤት የሶላት ሰዓት ቈጣሪ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በ1237 ዓመተ ሒጅራ፣ በረመዷን ወር (ሰኔ 1822)፣ ከሹብራ ወደ ካይሮ በሌሊት ሲመለስ በመንገድ ላይ ተገደለ፤ ሬሳውም ከአህያው እግር ጋራ ታስሮ ተገኘ። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሰዎች ብዙ ተናግረዋል፤ እኛ ግን ያልተረጋገጠውን አንጽፍም፤ ሸኹም ይህንኑ አስተምረውናል። ከአርባ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ብቻቸውን የተረፉት ሽማግሌ ልጃቸውን ቀብረው ተቀመጡ። ዓይናቸው እስኪጠፋ አለቀሱ፤ ብዕርም ከዚያ ወዲያ አላነሡም። በ1825 ገደማ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ ሒሳቡን አንተው አስላው። ወረቀቶቹ ከጥጉ ከወጡበት ከ1220 ልጁ እስከ ተገደለበት እስከ 1237 ድረስ ዐሥራ ሰባት ዓመት ነው። መጽሐፉ ሁሉ የተሠራው በዚህ መካከል ነው። አራተኛውን ጥራዝ ይዘህ የመጨረሻውን ገጽ ብትገልጥ የ1236 ዓመተ ሒጅራን የመጨረሻ ወር ዙልሒጃን ታገኛለህ። የ1237 ዓመት ወሬ ግን በእርሳቸው እጅ አልተጻፈም።